የተቀባዩ ተራ

በነሐሴ ወር 1961 ዓ.ም.፣ በቡታጅራ ከተማ፣ በአንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ፣ ወይዘሮ ዘይነባ የምትባል የዜማ መምህርት «ዜማውን ረስታዋለች» ተብሎ ተፈረደባት፤ በዚህም ምክንያት የማስተማር ፈቃድ ተከለከለች። ዘይነባ ዜማውን አልረሳችም ነበር። አለመርሳቷን ሊመሰክሩ የሚችሉት ሰው ከፈታኞቹ ወንበር በአንዱ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አልመሰከሩም። እኔን ለዚህ ሥራ ያበቁኝም እኚሁ ሰው ስለሆኑ፣ ስለ ሥራ ዘመኔ ስጽፍ ስለ እርሳቸው መጻፌ የማይቀር ነው።

ባለፈው ኅዳር ጡረታ ወጥቻለሁ። የወጣሁት ጊዜዬ ሳይደርስ፣ በራሴ ጥያቄ ነው። ስለ ደመወዝም ሆነ ስለ አበል የማነሣው ቅሬታ የለኝም፤ በደንቡ መሠረት የሚገባኝን አግኝቻለሁ። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ በቅደም ተከተል አስረዳለሁ።

በውጭ አገር የተማርኩት ሙዚቃ መጫወትን ሳይሆን ሙዚቃ የሚያስተምሩ ሰዎችን ማሠልጠንን ነው። ይህን ልዩነት ለመጀመሪያው አለቃዬ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። እርሳቸው በትዕግሥት ሰምተው ከጨረሱ በኋላ፣ ለበዓል ቀን የሚዘምሩ ልጃገረዶችን በቁመታቸው ቅደም ተከተል እንዳሰልፍ አዘዙኝ። ሁለተኛው አለቃዬ ትምህርቴን አደነቁ፤ ከማድነቅ አላለፉም። ሦስተኛው ግን፣ ምናልባት ከፊታቸው ዞር እንድልላቸው ፈልገው ይሆናል፣ በክረምት ወራት ወደ ወልቂጤ ወርጄ የሕዝብ ዜማ አስተማሪዎችን እንዳሠለጥን ፈቀዱልኝ።

የሕዝብ ዜማ አስተማሪዎች የምንላቸው መምህራን ለመባል ወረቀት ያልነበራቸው፣ ግን የሚያስተምሩ ሰዎች ነበሩ። ሕዝቡ አዋጥቶ ባሠራቸው ትምህርት ቤቶች ልጆችን ያዘምራሉ፤ ፊደሉንም ቁጥሩንም በዜማ ያስይዛሉ። ከእምድብር የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ከአታት መንደሮች፣ ከጥያ ወዲህ ካሉ የሶዶ ቀበሌዎች በእግርና በጭነት መኪና ተሳፍረው ይመጡ ነበር። አንዳንዶቹ አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው። ሁሉም ዜማ ያውቃሉ። የማያውቁት፣ የሚያውቁትን እንዴት ከፍሎ ለልጅ እንደሚያስተላልፉ ነበር፤ የእኔም ሥራ እርሱ ነበር።

ሥልጠናውን በበላይነት የሚቆጣጠሩት አቶ ክፍሌ ነበሩ። በመሥሪያ ቤታችን ውስጥ ስለ ሙዚቃ ትምህርት አሰጣጥ ከልብ የሚያስቡ ሰው ከእርሳቸው በቀር አላገኘሁም። የተወለዱት በቸሃ፣ ከእምድብር ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። ገና በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ ሄደው ተማሩ፤ በአዲስ አበባም ቀሩ። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ኬርጋ ነበር። ክፍሌ የተባሉት በትምህርት ቤት ነው።

በመጀመሪያው ክረምት ከሠልጣኞቹ አንዱ ያወጣውን የእንሰት ሥራ ዜማ በኖታ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ዜማው አንዱ አውጥቶ ሌሎች የሚቀበሉት ነው። እኔ አውጪው የሚለውንም ተቀባዮቹ የሚሉትንም በአንድ መስመር አከታትዬ ጻፍኩ። ሠልጣኞቹ ከዳር እስከ ዳር በአንድነት ዘለቁት። አንድም ድምፅ አልተሳሳተም። ግን የሥራ ዜማ መሆኑ ቀርቶ እንደ ማስታወቂያ ንባብ ሆነ፤ ለምን እንደሆነ ለራሴም ማስረዳት አልቻልኩም።

አቶ ክፍሌ ከኋላ ተቀምጠው ሰምተው ነበር። ተነሥተው ወደ ሰሌዳው መጡ።

«ወይዘሪት ሰብለ፣ ኖታዎ ትክክል ነው» አሉኝ። «የጎደለው ሰው ነው።»

ጨርቁን አንሥተው የተቀባዮቹን ክፍል ከመስመሩ ላይ እየመረጡ አጠፉት። ባዶውን ቦታ ግን እንዳለ ተዉት። ከዚያ ግማሾቹን ሠልጣኞች ከክፍል አስወጥተው በረንዳ ላይ አቆሟቸው። ውጭ ዝናብ ይጥላል። የውስጦቹ አወጡ፤ ቆሙ። ተቀባዮቹ ከዝናቡ ድምፅ ውስጥ ቀስ ብለው ተቀበሉ። የውስጦቹ ያንን እየሰሙ የሚቀጥለውን አወጡ። ክፍሉ ውስጥ ማንም ሰው ለማንም ያልነገረው መግባባት ተፈጠረ፤ ሁሉም ያዳምጥ ጀመር።

ሥልጠናችን ከዚያ ቀን በኋላ በአንድ መሠረተ ሐሳብ ላይ ቆመ። የአገሩ ዜማ የሁለት ወገን ነው፤ አውጪው የተቀባዩን ተራ በድምፁ አይሞላም። ተቀባይ ቢጠፋ እንኳ ቦታውን ይተውለታል። ልጅ ዜማ የሚማረው በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው፤ መግቢያው ተዘግቶበት የሚዘፈንለት ልጅ አድማጭ ሆኖ ይቀራል። ይህን በመምሪያችን ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃል በቃል አርመው ያጸደቁት አቶ ክፍሌ ናቸው።

ሌላውንም ከእርሳቸው ተማርኩ። አስተማሪ ዜማ ሲጀምር ለራሱ ጉሮሮ በሚመቸው ከፍታ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ድምፁ ዝቅተኛ በሆነው ልጅ ልክ እንዲነሣ። በመጀመሪያው ሳምንት መሣሪያ እንዳይገባ፣ በጭብጨባ ብቻ እንዲሠራ፤ ያውም ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ የአንዱ ወገን ጭብጨባ በሌላው መሐል እንዲወድቅ። ከአዲስ አበባ የተላከልን አኮርዲዮን በወልቂጤ እርጥበት ልሳኖቹ እየተጣበቁ አላሠራ ስላለ፣ ይህ ደንብ ያለ ክርክር ተከበረ።

የአቶ ክፍሌን ልማድ በዝርዝር የምጽፈው ለኋላው ስለሚያስፈልግ ነው። ክፍል ሲገቡ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ። ኮታቸውን ገልብጠው፣ ገበሩን ወደ ውጭ አድርገው፣ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ያኖሩታል፤ የጠመኔ ብናኝ እንዳይነካው ነው። ሠልጣኝ ሲሳሳት አያቋርጡም። ከጨረሰም በኋላ ውሃ ጠጥቶ እስኪቀመጥ አስተያየት አይሰጡም። ዜማ ሲያዳምጡ ደግሞ ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፋሉ፤ የተቀባዩ ተራ ሲደርስ አውራ ጣታቸው የመሐል ጣታቸውን ይነካል፤ ተቀባዩ እስኪጨርስ ድረስ እንደነካ ይቆያል። ይህን ማድረጋቸውን የሚያውቁ አይመስለኝም። እኔ ግን ሠልጣኞች በትክክል ጠብቀው እንደሆነ የምለካው በዚያ ጣት ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም አይቻለሁ። አንድ ቅዳሜ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ አንድ ባለሥልጣን የወልቂጤን ገበያ ለማየት ፈለጉና አቶ ክፍሌና እኔ አብረናቸው ሄድን። ቆጮ ከሚሸጡት ሴቶች መካከል አንዲት ሴትዮ ብድግ አሉና «ኬርጋ» ብለው ጠሩ፤ በቸሃ ቋንቋ በደስታ ብዙ ጠየቋቸው። በሌሎች ቀናት አቶ ክፍሌ በዚያው ቋንቋ ሲመልሱ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ግን ባርኔጣቸውን አነሥተው በአማርኛ፣ «ደህና ነኝ እመቤቴ፤ ገበያው እንዴት ነው?» አሉ። ባለሥልጣኑ ሴትዮዋ ማን እንደሆኑ ሲጠይቋቸው የዱሮ ጎረቤት ናቸው አሉ። ሴትዮዋ ወደ ባልንጀሮቻቸው ዞረው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሴቶቹ ሳቁ። በኋላ አንዱን ሠልጣኝ ምን እንዳሉ ጠየቅሁት። ለመናገር እያፈረ፣ «‹ወንድሜ አፉን አዲስ አበባ ረስቶት መጣ› ነው ያሉት» አለኝ። የገዛ እኅታቸው ነበሩ። ይህን ያኔ ማንንም የማይጎዳ የሰው ድካም አድርጌ አለፍኩት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥልጠናው ወደ ቡታጅራም ሰፋ። ወይዘሮ ዘይነባን ያገኘኋት እዚያ ነው።

ዘይነባ የመስቃን ሰው ናት። በሠርግ ላይ ዘፈን አውጪነቷ በከተማው የታወቀ ነው፤ ሰዎች የሠርግ ቀን ሲቆርጡ አስቀድመው እርሷን ይጠይቁ ነበር። ሕዝቡ ባሠራው ትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ሰብስባ ዜማ ታስተምራለች፤ በዜማው ፊደል፣ በፊደሉ ንባብ ታስከትላለች። የልጃገረዶቹ አባቶች አብዛኞቹ ሙስሊም ገበሬዎችና ነጋዴዎች ናቸው። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ትሂድ ሲባሉ ለዓመታት እሺ ያላሉ ሰዎች፣ ዘይነባ ስትጠይቃቸው እሺ አሉ። ቤተ ሰቧን ያውቃሉ፤ የልጆቻቸው እናቶች የተዳሩት በእርሷ ዘፈን ነው። እንግዲህ የዚያ ክፍል ህልውና በአንዲት ሴት መልካም ስም ላይ የቆመ ነበር።

ክፍሏን ለማየት በሄድኩ ጊዜ ልጃገረዶቹ በግድግዳው ዳር ተደርድረው ተቀምጠው ነበር። ዘይነባ አወጣች፤ ቆመች። ከልጆቹ ግማሾቹ ተቀበሉ። እንደገና አወጣች፤ ቆመች። አሁን የተቀበሉት በረከቱ። ከሁሉ ታናሽ የሆነችው፣ አፏን ከፍታ እስከዚያ ድምፅ ያላወጣችው፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ላይ ተቀበለች። ዘይነባ ወደ ልጅቷ አልዞረችም፤ አላመሰገነችም። ዝም ብላ ቀጣዩን አወጣች። በውጭ አገር ካየኋቸው የታወቁ አስተማሪዎች ብዙዎቹ ያችን ልጅ በማመስገን ያስደነግጧት ነበር።

በዚያ ዓመት አዲስ ደንብ ወጣ። በሕዝብ ትምህርት ቤት ዜማ የሚያስተምር ሁሉ በቦርድ ፊት ተፈትኖ ፈቃድ ይያዝ፣ ያልያዘ ያቁም ተባለ። ደንቡን አልተቃወምኩም፤ ሥራችን መለኪያ ያስፈልገው ነበር። የተቃወምኩት ሠልጣኙ ብቻውን ቆሞ እንዲዘፍን የሚያዘውን ክፍል ነው። ይህ ዜማ በብቻ አይፈተንም፤ ሁለት ሰው እንኳ ይቁምላቸው አልኩ። ለሁሉም እኩል እንዲሆን ነው የሚል ምላሽ ተሰጠኝ።

ቦርዱ ሦስት ሰዎች ነበሩት። ሰብሳቢው ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ ናቸው። ሁለተኛው በወታደር ሙዚቃ ክፍል ያገለገሉ ጡረተኛ ሻምበል ነበሩ። ሦስተኛው አቶ ክፍሌ ናቸው። እኔ አሠልጣኝ ስለሆንኩ ድምፅ የለኝም፤ በግድግዳው በኩል በተሰጠኝ ወንበር ተቀመጥኩ።

ዘይነባ ሻሿን አጥብቃ ገባች። «አሰላሙ አለይኩም» ካለች በኋላ የሻምበሉን ግራ መጋባት አይታ «ጤና ይስጥልኝ» ብላ ጨመረች። የመረጠችው ዜማ ሴቶች እንሰት ሲፍቁና ሸክም ሲያነሡ የሚሉትን ነው። ቃሉ ከመስቃን እስከ ቸሃ ከቤት ቤት ይለያያል፤ አቀባበሉ ግን አንድ ነው። አውጪዋ ሸክሙ እንደከበዳት ትናገራለች፤ ተቀባዮቹ በእኛ ጫንቃ ይሁን ይሏታል።

የመጀመሪያውን መስመር አወጣች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። ቆመች። ስትቆም ዓይኖቿ ወደ አቶ ክፍሌ ሄዱ። ተቀባይ የሚፈጅበትን ያህል ጠብቃ ሁለተኛውን አወጣች፤ ቆመች። ሻምበሉ በእርሳሳቸው ጠረጴዛውን እየነኩ ምት ይቆጥሩ ነበር፤ ዝምታው ላይ ሲደርሱ እርሳሱ አየር ላይ ቀረ። ሦስተኛውን አውጥታ ስትቆም ሰብሳቢው ተናገሩ።

«ቀጥዪ እንጂ። ረሳሽው?»

«አልረሳሁም ጌታዬ፤ ተራቸው ነው።»

«የማን ተራ?»

«የተቀባዮች።»

«እዚህ ተቀባይ የለም እኮ።»

«ባይኖሩም ተራው የነሱ ነው» አለች ዘይነባ። «የሰው ተራ እንዴት እበላለሁ?»

ሻምበሉ ፈገግ አሉ፤ በክፋት አልነበረም። እኔ ተነሥቼ ይህ የዜማው ሥርዓት መሆኑን፣ በመምሪያችንም ላይ የሠፈረ መሆኑን አስረዳሁ። ሰብሳቢው አሠልጣኝ ለገዛ ሠልጣኟ ምስክር ልትሆን እንደማትችል በትሕትና ነገሩኝ። እርሱም ተገቢ ነበር። ከዚያ ወደ ግራቸው ዞሩ።

«አቶ ክፍሌ፣ እርስዎ በዚህ አገር ብዙ ሠርተዋል። ይህ የአገሩ ልማድ ነው ወይስ መርሳት?»

አቶ ክፍሌ ከጠረጴዛው ዳር ወጣ ብለው ስለተቀመጡ፣ ከተቀመጥኩበት ሆኜ ቀኝ እጃቸው ይታየኛል። ጉልበታቸው ላይ ነበር። አውራ ጣታቸው የመሐል ጣታቸውን ነክቶ ነበር፤ ዘይነባ ሦስተኛውን መስመር ካወጣች ጀምሮ አልለቀቀም። ሰብሳቢውን አላዩም፤ ዘይነባንም አላዩም። ወደ መስኮቱ ተመለከቱ።

«በሥራ ምክንያት አልፌበታለሁ እንጂ የአገሩን ዘፈን አላውቅም» አሉ። «እንዲህ ያለ ልማድም አልሰማሁም።»

ጣታቸው ያኔ ለቀቀ።

ዘይነባ «ልጨርሰው?» ብላ ጠየቀች። ሰብሳቢው ይበቃል አሉ።

ፈተናው ካለቀ በኋላ አቶ ክፍሌን በረንዳ ላይ አገኘኋቸው። ኮታቸውን ከግልባጩ መልሰው እየለበሱ ነበር። ለምን እንዲህ እንዳሉ ጠየቅኋቸው። እጅጌያቸውን አስተካከሉ።

«ወይዘሪት ሰብለ፣ እርስዎ ከየት እንደመጡ ማንም ጠይቆዎት አያውቅም» አሉኝ። «እኔን ዕድሜዬን ሙሉ ሲጠይቁኝ ኖረዋል። ስሜን ስናገር ይስቃሉ፤ አነጋገሬን ይደግሙታል። ዛሬ ደግሞ የቆጮ ዘፈን ተቀባይ ሆኜ ልቁምላቸው?»

«ማንም ይቁሙ አላለዎትም። አውቀዋለሁ ማለት በቂ ነበር።»

«ለእርስዎ በቂ ነው» አሉና ወደ መኪናው ሄዱ።

የተናገሩት እውነት ነው። በመሥሪያ ቤታችን ኮሪደር የሚባለውን እኔም ሰምቻለሁ፤ ማን እንደሚለውም አውቃለሁ። ስድቡን አላቃልልም። ነገር ግን ስድቡን ያደረሱባቸው ሰዎች አዲስ አበባ ነበሩ፤ ዋጋውን የከፈለችው ቡታጅራ ናት። ይህን ሒሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየትኛውም መንገድ ብሠራው አልገጥም ብሎኛል።

በመስከረም በዘይነባ ቦታ አኮርዲዮን የሚጫወት ወጣት ከአዲስ አበባ ተላከ። የልጃገረዶቹ አባቶች ልጆቻቸውን አስቀሩ። ለማግባባት ከአንደኛው አባት ሱቅ ሄጄ ነበር፤ ሐጂ የሚባሉ፣ ሦስት ሴት ልጆቻቸውን ያስገቡ ሰው ናቸው። ወንበር ሰጥተው በክብር አነጋገሩኝ።

«የመጣው ልጅ ጥሩ ልጅ ይሆናል፤ ወላሂ ክፉ አልልም» አሉኝ። «ግን አላውቀውም። እኛ ልጆቻችንን ለትምህርት ቤቱ አልሰጠንም፤ ለዘይነባ ነው የሰጠን።»

ዘይነባስ ብትመለስ ስላቸው፣ «እናንተ አላዋቂ ናት ብላችሁ አባረራችኋት» አሉኝ። «እኛ ታውቃለች ብለን ልጆቻችንን ሰጥተናት ነበር። አሁን ማን ነው የተሳሳተው? እኛ ነን?»

ዘይነባ አላዋቂ የተባለችው በመንግሥት ቦርድ ስም ነው። ግድግዳው ዳር የነበሩት ልጃገረዶች በዚያ ዓመት አልተመለሱም፤ በሚቀጥለውም አልተመለሱም። መምሪያውን አያይዤ ለበላይ አካል አቤቱታ አቀረብኩ፤ የቦርዱ ውሳኔ የመጨረሻ ነው ተባልኩ።

የሥራ ዘመኔን ትልቁን ውድቀት ያየሁት ግን በተከታዩ ክረምት፣ ወልቂጤ ላይ ነው። የዘይነባ ወሬ በሠልጣኞች ሁሉ ዘንድ ደርሶ ነበር። መምሪያው ያው መምሪያ ነው፤ ያስተማርኩትም ያንኑ ነው። በፈተናው ቀን ግን አንድ በአንድ እየገቡ ራሳቸው አወጡ፣ ራሳቸው ተቀበሉ። ቦታ የተወ አንድም አልነበረም። ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ድረስ በሁለት ሰው ድምፅ ዘፈኑ፤ ቦርዱም ሁሉንም አሳለፈ። ከእምድብር የመጣውን፣ ከሁሉም የተሻለ ጆሮ የነበረውን ሠልጣኝ፣ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅሁት።

«እትዬ፣ ዝም ብንል ረሱ ይሉናል» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየትምህርት ቤቱ ስዞር ያየሁት አንድ ዓይነት ነው። አስተማሪው ፊት ቆሞ ከዳር እስከ ዳር ይዘፍናል። ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ጸጥ ብለው ያዳምጣሉ። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተሮች ሥርዓት መያዛቸውን እያደነቁ ያሳዩኝ ነበር። ለዓመታት የደከምኩበት ሥልጠና ፈቃድ ያላቸው አስተማሪዎችንና ዝም ያሉ ልጆችን አፍርቶ አለቀ። እኔም ከሜዳ ሥራ ተነሥቼ በአዲስ አበባ ቢሮ ተመደብኩ። አቶ ክፍሌ የክፍሉ የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ሹመቱ ለዚያ ቀን የተሰጣቸው ዋጋ ነው አልልም፤ አላውቅም፤ የማላውቀውን አልጽፍም።

ጡረታ ከመውጣቴ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ቡታጅራ ሄጄ ዘይነባን አየኋት። በገበያው ቅቤና ሚጥሚጣ ትሸጣለች። ከመደቧ ተነሥታ ትከሻዬን ሳመችኝ፤ ቦታዋን ለቃልኝ አስቀመጠችኝና እርሷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሠርግ ላይ ታወጣ እንደሆነ ጠየቅኋት። ሰዎች መጥራት እንደቀነሱ፣ እርሷም ሲጠሯት ሰበብ እንደምታበዛ ነገረችኝ። ከአንድ ደንበኛ ጋር ስለ ቅቤው ተከራከረች፤ ሴትዮዋ ቅቤው ሽታ አለው ስትላት «አፍንጫሽን ለባልሽ አቆዪው» ብላ አሳቀቻት፤ ሸጠችላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ሳልጠይቃት ተናገረች።

«እትዬ፣ ያን ቀን ሽማግሌውን ሳያቸው የኛ ሰው መሆናቸውን አውቄያለሁ። በጣታቸው ነው ያወቅኋቸው፤ ተራውን ይዘውልኝ ነበር። ይቀበሉኛል ብዬ ጠበቅኋቸው። ድምፅ ባያወጡ እንኳ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉልኛል ብዬ ነው የጠበቅኋቸው።» ከሚጥሚጣው ላይ ትንሽ ገለባ አንሥታ ጣለች። «አላውቅም ሲሉ ስሰማ፣ እኔ ራሴ በእውነት ረስቼው ይሆን እንዴ አልኩ። እስከ ዛሬም አንዳንዴ እላለሁ።»

ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ፈቃድ ይነፈጋል፤ ፈቃድ ይሰጣልም። አንዲት አዋቂ ሴት የምታውቀውን ማወቋን እንድትጠራጠር ማድረግ ግን በደንብ ቁጥር የማይታረም በደል ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለማውጣት አላሰብኩም ነበር። እንዳስበው ያደረጉኝ አቶ ክፍሌ ራሳቸው ናቸው። በኅዳር መሥሪያ ቤቱ በአዳራሽ ሽኝት አድርጎልኝ ነበር። አሁን ዘመኑ ተለውጧል፤ ባህል ማለት በየቢሮው የተወደደ ቃል ሆኗል፤ ባለሥልጣናትም ከየት እንደመጡ መናገር ጀምረዋል። አቶ ክፍሌ በክብር እንግድነት ተነሥተው ንግግር አደረጉ። «በእኛ በጉራጌ አገር» አሉ፣ «ዘፈን አውጪ የተቀባዩን ተራ አይነካም፤ ተቀባይ ባይኖር እንኳ ዝም ብሎ ቦታውን ይተውለታል፤ ይህን ሥርዓት ከእናቴ እግር ሥር የተማርኩት ነው፤ ወይዘሪት ሰብለንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ።» ጥሩ ተናገሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ንግግራቸውን ጨርሰው ሲቀመጡ ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር።

እኔ አላጨበጨብኩም። የተዘጋጀልኝን ስጦታ ተቀብዬ አመስግኜ ወጣሁ፤ በሽኝት አዳራሽ ክርክር አይነሣም። ክርክሩን እዚህ አነሣዋለሁ።

አቶ ክፍሌ፦ ይቅርታ እንዲጠይቁ አልጠይቅም። ምክንያትዎንም እንዲያስረዱኝ አልፈልግም፤ ምክንያትዎን በቡታጅራ በረንዳ ላይ ነግረውኛል፤ ይገባኛል። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከአንድ ቃል አይበልጥም። ለእኔም እንዲመልሱልኝ አይደለም፤ እኔ ጣትዎን አይቻለሁ። ቡታጅራ ይውረዱ፤ ወይዘሮ ዘይነባ በገበያ ቀን ከመደቧ አትጠፋም፤ ሐጂና ሌሎቹ አባቶችም ሱቃቸው በዚያው ዙሪያ ነው። በእነርሱ ፊት ቆመው፣ በአማርኛም ይሁን በእናትዎ ቋንቋ፣ ይህን ብቻ ይመልሱላት፦ በዚያ ነሐሴ ቀን፣ እርሷ ሦስተኛውን መስመር አውጥታ እርስዎን እያየች ስትጠብቅ፣ ተቀባዩ የሚለውን ያውቁት ነበር ወይስ አያውቁትም ነበር?